ውሃ በሌለበት አገር የሠራሁት መቅዘፊያ

በቀደም የልጅ ልጄ ሜሮን አዲስ የተከፈተ የስፖርት ቤት ይዛኝ ሄደች። ወገቤን ከያዘኝ ሰንብቷል፤ እዚያ ያሉት ልጆች ቀስ አድርገው ያፍታቱዎታል ብላ ነው። ገና በሩን ስገባ የጎማና የግራሶ ሽታ ተቀበለኝ። ሌላው ሰው ያለፈ ዘመኑን በአበባ ወይም በሽቶ ያስታውሳል መሰለኝ፤ የእኔ ዘመን ግን የሚሸተው ጎማና ግራሶ ነው። ጥግ ላይ ገመድና እጀታ ያለው፣ ከፊቱ ክብ ነገር የተገጠመለት መሣሪያ ቆሟል። ደረቱ የሰፋ ወጣት አሠልጣኝ መጣና በትሕትና አስረዳኝ፤ የጀልባ ቀዘፋ ስፖርት መሥሪያ ነው፣ ከውጭ ነው የመጣው፣ በእኛ አገር ከዚህ በፊት ታይቶ አይታወቅም አለኝ። ሜሮን ቀና ብላ አየችኝና ሳቋን ዋጠች። እኔም ልጁን እንዳላሳፍረው ተቀመጥኩና እጀታውን ይዤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳብኩት። ክቡ ነገር ሲዞር ነፋሱ ጉልበቴን ዳበሰኝ። ከዚያ በኋላ ልጁ ምን እንዳለ አልሰማሁም። ልቤ ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ፣ ከቅዳሜ ገበያው በላይ ወደነበረችው የቆርቆሮ ሱቄ ሄዶ ነበር።

ያኔ ላሊበላ እንደዛሬው ሆቴል በሆቴል አልሆነችም። መብራት የሚመጣው በጄኔሬተር ነው፤ እሱም ሲፈልግ። የካሴት መሸጫ ሱቆች በር ላይ ቁመው የሚጮሁት የድምፅ ማጉያዎች አንዱ ከሌላው ጋር ተፎካክረው ሁለት ዘፈን ባንድ ጊዜ ያሰሙሃል፤ ለምደነው ስለነበር አንዱ ብቻ ሲዘፍን የጎደለ ይመስለን ነበር። ወንዱ ቴትሮን ሱሪ ለብሶ፣ ኮንጎ ጫማ ተጫምቶ፣ ደህና ያለው ደግሞ ኮት ደርቦ ነው ገበያ የሚወጣው። ለገና የሚመጣው ምእመን ከኩልመስክ፣ ከኮን፣ ከዚያም ማዶ በእግሩ ሳምንት ተጉዞ፣ ነጭ በነጭ ሆኖ ዳገቱን ሲሞላው ተራራው ራሱ የለበሰ ይመስላል። አንድ ባዶ የዘይት ጣሳ ሃምሳ ሳንቲም ነበር። ዛሬ ለሜሮን ይህን ስነግራት፣ ሳንቲም ምን ይመስላል ትለኛለች።

የእኔ ሥራ ወፍጮ መጠገን ነው። የላስታን ወፍጮዎች አብዛኞቹን በእጄ ፈትቼ ገጥሜአለሁ፤ እስከ ወገል ጤና ድረስ ተጠርቼ ሄጄ አውቃለሁ። አባቴ አያሌው ደግሞ ከሱቄ ፊት ለፊት፣ ዳስ ሥር፣ ወናፉን እያናፋ ማረሻና መጥረቢያ ይሠራ ነበር። ቀጥቃጭ ነው። ይህ ቃል ዛሬ እንዲህ በቀላሉ ከአፌ ይወጣል፤ ያኔ ግን ሰው ከኋላችን ነበር የሚለው፣ ከእሱም ጋር ሌላ ቃል ያስከትልበታል። ማረሻውን ሁሉም ከአባቴ ያሠራል፤ ልጁ ሲታመምበት ግን የእኛን ዓይን ይጠረጥራል። ድግስ ላይ ዋንጫችን ለብቻ ነው። አባቴ ሰው ሰላም ሊል ሲመጣ ቀድሞ እጁን አይዘረጋም ነበር፤ የዘረጋው እጅ ሳይያዝ አየር ላይ መቅረቱን ብዙ ጊዜ ስላየ ይመስለኛል። እኔ በበኩሌ ሰው ሲጠይቀኝ መካኒክ ነኝ እል ነበር። መካኒክ ሲሉ ሰው አይደነግጥም።

የሺመቤት ያን ጊዜ የስፖርት መምህርት ነበረች። ከጣና ዳር ተመድባ ነው የመጣችው፤ እናቷ እማማ ጥሩወርቅም አብረዋት መጥተዋል። ሴት ልጅ ቱታ ለብሳ፣ ፊሽካ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ተማሪዎቿን አስከትላ ዳገቱን በሩጫ ስትወጣ ያየ አሮጌ ሁሉ መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ኋላ ለመደ፣ ከዚያ ወደዳት። እኔ መምህርት እያልኩ አንቱ ስላት፣ በዕድሜ ትበልጠኛለህና አንቺ በለኝ ብላ አስቆመችኝ። በሱቄ በኩል ስታልፍ አባቴን ጎንበስ ብላ ሰላም ትለው ነበር። ይህን አባቴም እኔም አንረሳውም።

ከዚያ አንድ ክረምት መግቢያ ላይ ከጋሸና ስትመለስ የተሳፈረችበት መኪና ተገለበጠ። ሌሎቹ ተርፈዋል። እሷም ተረፈች፣ ግን ከወገቧ በታች ያለው አካሏ አልታዘዝ አለ። ወራት ሆስፒታል ተኝታ በዊልቸር ተመለሰች። የላሊበላን መንገድ ለሚያውቅ ሰው ዊልቸር ማለት ምን እንደሆነ አልነግረውም፤ ሁሉም ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት፣ ያም ድንጋይ ነው። ከቤቷ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለው ዳገት ደግሞ ደህና እግር ያለውን ያስተነፍሳል። ርእሰ መምህሩ ጥሩ ሰው ነበሩ፤ የሚቀጥለው ዓመት ትምህርት እስኪከፈት ቦታዋን እንደሚጠብቁላት፣ ካልቻለች ግን ሌላ መምህር እንደሚመደብ ቤቷ ድረስ መጥተው ነገሯት። ሐኪሙ ክንዷንና ትከሻዋን ካላጠነከረች ራሷን ከአልጋ ወደ ወንበር እንኳ ማንሳት እንደማትችል ነግሯት ነበር። እሷ ግን ከተኛች ወዲህ ክንዷ እየሟሸሸ መጣ። ልጠይቃት የሄድኩ ቀን እጇን ስይዘው እንደ ሕፃን እጅ ለስልሶ ነበር።

በዚያን ቀን ነው የነገረችኝ። ልጅ ሆና አያቷ እንጨት ጭነው ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ሲሻገሩ ታንኳ ላይ ተቀምጣ ትቀዝፍ እንደነበር፣ እግር እንደማይፈልግ፣ ከወገብ በላይ ያለውን ሥጋ ሁሉ ግን እንደሚያሠራ አጫወተችኝ። ከዚያ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች፣ «ውሃ ወደዚህ ማምጣት አትችልም» አለችኝ። «ቀዘፋውን ግን ብታመጣልኝ?»

እሠራዋለሁ አልኳት። ታንኳ አይቼ አላውቅም ብዬ አልነገርኳትም። የመጥረጊያ እንጨት አቀብያት በተኛችበት ግራና ቀኝ እያጠለቀች አሳየችኝ፤ እኔም ገባኝ ብዬ ወጣሁ። ከወፍጮ ሌላ የማያውቅ ሰው የሚገባው ነገር ወፍጮ ነው። ከአሮጌ የብረት አልጋ መቀመጫ በየድኩ፤ አንድ የወይራ ዘንግ መሐሉ ላይ በሳሁና ኩሽኔታ አስገብቼ በወፍራም ቡሎን ከቋሚው ጋር አሠርኩት፤ እንዲከብዳት ደግሞ የወፍጮ ቺንጋ፣ የጎማውን ቀበቶ፣ ጠመጠምኩበት። ግራውን ስትጫን ቀኙ ይነሣል፣ ቀኙን ስትጫን ግራው ይነሣል። በጣም ኮራሁበት። አባቴ አየውና ቡሎኑን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ ወደ ወናፉ ተመለሰ። ያን ጊዜ ልጠይቀው ይገባኝ ነበር።

እማማ ጥሩወርቅ ገና ከመጀመሪያው አልወደዱኝም። የቀጥቃጭ ልጅ ከታመመ ሰው ቤት መመላለሱ አሳስቧቸዋል። አልፈርድባቸውም፤ አንዲት ልጅ ናት ያለቻቸው። መሣሪያውን ሳስገባ ፊታቸውን አዙረው ከቤት ወጡ፣ አንዴም ቀርበው አላዩትም። ሁለት ቀን ሠራችበት። በሦስተኛው ቀን ቺንጋው በድንገት ያዘና ዘንጉ ተመልሶ ትከሻዋን ገፋው። ቡሎኑ ዘንጉን አንድ ቦታ ቸንክሮት ስለነበር የምታመልጥበት መንገድ አልነበራትም። ስትጮህ አልሰማኋትም፣ ጥርሷን ነክሳ ነው የያዘችው፤ እኔ የሰማሁት የእናቷን ድምፅ ነው። ወደ ሐኪም ተወሰደች፣ ክንዷ በጨርቅ ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠለጠለ። እማማ ጥሩወርቅ በር ላይ ቆመው አንድ ነገር ብቻ አሉኝ፤ ድምፃቸውን ሳያነሡ።

«የቀራትን አካል ደግሞ በዓይንህ ልትበላው ነው የመጣኸው?»

መሣሪያውን አልጠየቅኋቸውም። እሳቸውም አውጥተው አጥሩ ሥር ጣሉት። ወሬው በአንድ ቀን ከተማውን አዳረሰ፤ ሁለት ወፍጮ ባለቤቶች ሌላ ጠጋኝ አስመጡ። እኔን ያቃጠለኝ ግን ይህ አልነበረም። የሺመቤት በጎረቤት በኩል መልእክት ልካልኝ ነበር፤ ዓይን የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ጥፋቱ የቡሎኑ እንደሆነ፣ መቅዘፊያ የትም እንደማይታሠር፣ እሱን ሳትነግረኝ ለመቅረቷ ይቅር እንድላት። ይህን ስሰማ ተሸማቀቅኩ። ትከሻዋን ጎድቼው እሷ ጥፋቱን ከእኔ ጋር ትካፈላለች፤ እኔ ደግሞ የማላውቀውን ዐውቃለሁ ብዬ ነው የጀመርኩት። በሳምንቱ ቅዳሜ ለአባቴ፣ ውሃ የሚባለውን ላየው እሄዳለሁ አልኩት። «ሂድ» አለኝ። «ያላዩትን ብረት አይቀጠቅጡትም።»

ወልድያ አደርኩና በማግስቱ በደሴው መኪና ሐይቅ ከተማ ወረድኩ። የጭነት መኪና ላይ ነበር የተጫንነው፤ ከጤፍ ከረጢትና ከአንዲት በግ ጋር። ሐይቁን ሳየው እግሬ ቆመ። እኔ የማውቀው ውሃ በክረምት ደፍርሶ እያጓራ ገደል ለገደል የሚወርደውን ነው። ያን ያህል ውሃ አንድ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጦ አይቼ አላውቅም ነበር። ዳር ዳሩን እየሄድኩ አንድ ሽማግሌ ታንኳቸውን ሲያጥቡ አገኘሁ፤ ጋሽ ሰይድ ይባላሉ፣ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። የመጣሁበትን ጉዳይ ነገርኳቸው። ያበደ ነው ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ልጅቷ ምንህ ናት አሉኝ። የልጆቻችን መምህርት ናት አልኳቸው። ሥራህስ ምንድን ነው ሲሉኝ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ መካኒክ ነኝ ማለቱ ከአፌ አልወጣም። ቀጥቃጭ ነኝ አልኩ።

«አብሽር» አሉኝ። «ግባ፣ ተቀመጥ።»

ታንኳው ሲወዛወዝ ነፍሴ ወጣች። ዘንጉን ሰጡኝ፤ ከማንም ጋር ያልታሠረ፣ በሁለት እጅ ብቻ የሚያዝ ዘንግ ነው። በክንዴ ጎተትኩ፤ ታንኳው በቆመበት ይሽከረከር ጀመር። ጋሽ ሰይድ አልሳቁብኝም። ከኋላዬ ሁለት ትከሻዬን ይዘው ወዲያና ወዲህ ያዞሩኝ ጀመር። «በክንድህ ከውሃ ጋር አትታገል። ከወገብህ ዙር፣ ክንድህ ይከተልሃል» አሉኝ። ወላሂ ይህን ያህል ደረቅ ትከሻ ዐይቼ አላውቅም ብለውም ጨመሩ። ግማሽ ቀን አስቀዘፉኝ። በስተመጨረሻ ታንኳው ቀጥ ብሎ ሲሄድልኝ፣ ይኸው በዚህ ዕድሜዬም ያ ስሜት ክንዴ ላይ አለ። ውሃው ቀስ ብለህ ስትነካው ይለዝባል፣ ስትበረታበት ይበረታብሃል፤ ግን አይመታህም። ከዚያ ዳር ወጥተን ጋሽ ሰይድ የጠበሱትን ዓሣ ከአንድ ትሪ በላን። እጃችን ትሪው ላይ ሲነካካ እጃቸውን አልሰበሰቡም።

መልሱን ያገኘሁት ግን ስመለስ መኪናው ላይ ነው። እጄን ወደ ውጭ አውጥቼ መዳፌን ዘርግቼ ነበር። መኪናው ዳገት ሲይዝ ነፋሱ መዳፌን ዳሰስ ያደርገዋል፤ ሜዳ አግኝቶ ሲፈጥን እጄን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስትለዝብ የሚለዝብ፣ ስትበረታ የሚበረታ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ብቻዬን ስስቅ አይቶ ትንሽ ፈቀቅ አለ። እኛ ደጋ ላይ ውሃ የለንም እንጂ ነፋስ መች ጎድሎን ያውቃል፤ ከአቡነ ዮሴፍ የሚወርደው ብቻ ለአገር ይበቃል።

ወልድያ ላይ ወርጄ ከብስክሌት ጠጋኞች አንድ አሮጌ ጎማ ከነቸርኬው፣ ወደ ፊት ሲዞር የሚይዝ ወደ ኋላ ሲዞር የሚለቅ ሁለት የኋላ ጥርስ፣ የተጣለም የጎማ ካላማዳሪ ሰብስቤ ላሊበላ ገባሁ። ከዚያ አባቴና እኔ ወር ሙሉ አብረን ሠራን። ከልጅነቴ ወዲህ አብረን ሠርተን አናውቅም ነበር፤ እኔ ብየዳ ስማር የእሱን እሳት ንቄው ነበር የወጣሁት። የዘይት ጣሳ እየቆረጥን ላሜራውን እንደ ቅጠል አጠፍነውና ቸርኬው ላይ አሠርነው፣ ጎማው ሲዞር ነፋስ እንዲቀዝፍ። ከዘንጉ ሁለት ጫፍ ሁለት ገመድ አወጣን፤ ግራው ሲጎተት አንደኛው ጥርስ፣ ቀኙ ሲጎተት ሌላኛው ጎማውን ያዞራል። እንደ ላስቲክ የሚሳበው የካላማዳሪው ክር ደግሞ ገመዱን መልሶ ይሰበስበዋል። ዘንጉ የትም አልታሠረም። አባቴ ገመዱ የሚያልፍባቸውን ትንንሽ ቀለበቶች በመዶሻ ሠራቸው፤ እኔ ገዝቼ ላስገባ ስለው፣ የተገዛው ቀለበት ገመድ ይበላል ብሎ እምቢ አለኝ። እውነቱን ነበር። በእነዚያ ቀለበቶች ውስጥ ገመድ ተበልቶ አያውቅም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ኮቴን ለብሼ፣ መሣሪያውን በሁለት ሰው አሸክሜ ሄድኩ። እማማ ጥሩወርቅ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ብረትህን ይዘህ ተመለስ አሉኝ። አልተከራከርኳቸውም። ደጅዎን አልረግጥም አልኩና ከአጥሩ ውጭ፣ መንገዱ ዳር፣ ደልዳላ ቦታ ፈልጌ ተከልኩት። ከዚያ ራሴ ተቀመጥኩበትና መቅዘፍ ጀመርኩ። አስቡት እንግዲህ፤ በላስታ ተራራ ላይ፣ ኮት የለበሰ ሰው ጠጠር ላይ ተቀምጦ ሲቀዝፍ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። ወዴት ነው የምትሻገረው ያለኝ አለ፤ ስትደርስ ንገረን ያለም አለ። ሳቁ ከፍ ሲል ላቡ ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ አላቆምኩም። ጣሳዎቹ ነፋሱን ሲቆርጡት ሹ፣ ሹ የሚል ድምፅ ያወጣሉ። የሺመቤት ኋላ ስታጫውተኝ፣ አልጋዋ ላይ ሆና ድምፁን ስትሰማ አያቷ ታንኳ ላይ የተቀመጡ መስሏት እንደነበር ነገረችኝ።

ሳቁ ድንገት ጸጥ ሲል ቀና አልኩ። እማማ ጥሩወርቅ ከአጥሩ ወጥተው ከአጠገቤ ቆመዋል። ፊቴን አላዩም፤ እጄን ነው የሚያዩት። ብዙ ቆዩ።

«ግራህን ዝቅ አድርግ» አሉኝ።

ዝቅ አደረግኩ። ደግሞ አዩኝና ተነሥ አሉኝ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ተቀመጡበት። ልጄ የምትቀመጥበትን መጀመሪያ እኔ አየዋለሁ አሉ። እኔ ያላወቅኩት፣ ማንም ያልነገረኝ ነገር ነበር። አባታቸው ወንድ ልጅ አልነበራቸውም፤ ዘጌ ላይ ልጃገረድ ሆነው ያን እንጨት የጫነ ታንኳ ሲቀዝፉ ያደጉት እሳቸው ናቸው። የሺመቤት የተማረችው ከእናቷ ኋላ ተቀምጣ ነው። ዘንጉን ሲይዙ እጃቸው ከእኔ እጅ ሌላ ነበር። አንድ ጊዜ ግራ፣ አንድ ጊዜ ቀኝ፤ ወገባቸው ይዞራል፣ ትከሻቸው ይከተላል፣ ጎማው ጮኸ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።  ሲያቆሙ ዘንጉን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው ተናገሩ።

«ውሃው አለ።»

ከዚያ ወደ ቤት ዞረው፣ እናንተ ሰዎች ልጄን ይዛችሁልኝ ኑ አሉ።

ጣሳው ሲጀመር አራት ቅጠል ነበር። ክንዷ ሲጠነክር ሁለት እንጨምራለን፤ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ በአጥሩ በኩል ዛሬ ስንት ልጨምር እላታለሁ፣ አንዳንድ ቀን ጨምር ትላለች፣ አንዳንድ ቀን ዛሬስ ተወኝ ትላለች። እማማ ጥሩወርቅ አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ግራሽን፣ ቀኝሽን እያሉ ያስቀዝፏታል። መጀመሪያ ራሷን ከአልጋ ወደ ወንበር አነሣች። ቀጥሎ ከወንበር ወደ መሬት ወርዳ ተመልሳ ወጣች። ክረምቱ ሲያልቅ አሥራ ሁለት ቅጠል ደርሰን ነበር፤ ከዚያ በላይ ጎማው አይዝም። ወሬው አሁን ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደ። ከኮን ከባሕር ዛፍ የወደቀ ሰው ቤተሰቦች መጡ፣ ከኩልመስክ አንዲት ሴት መጣች። ለሁሉም ሠራን። ዛሬ ስንቱ እንዳለ አላውቅም፤ ብረቱ ግን የአባቴ ነውና ይኖራል። ሜሮን አሁን በስልኳ የዓለምን መቅዘፊያ ሁሉ ታሳየኛለች፣ የሚያምሩ ናቸው፤ እኔም ቀለበታቸውን ብቻ አይቼ ገመድ ይበላል እላታለሁ። የሺመቤት ደግሞ ስንት ዓመት አስተምራ በክብር ጡረታ ወጥታለች። ያስተማረቻቸው ልጆች አሁን ራሳቸው መምህራን ናቸው፤ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ባርኔጣቸውን ያነሡልኛል።

ግን እኔ ዕድሜ ልኬን ይዤው የምኖረው ትምህርት የተከፈተበትን ጠዋት ነው። ዝናቡ አቁሟል፣ አደይ በየድንጋዩ ሥር ፈንድቷል፣ ገበያተኛውም እየወጣ ነው። እኔ ሱቄ በር ላይ ነበርኩ፤ አባቴ ዳሱ ሥር መስፉ ላይ ማረሻ ይቀጠቅጣል። የሺመቤት ቱታዋን ለብሳ፣ ፊሽካዋን አንገቷ ላይ አድርጋ ዳገቱን ከታች ጀመረችው። ሁለት ሰዎች ሊገፏት ሮጡ፤ ተዉኝ አለቻቸው። እናቷ ከኋላዋ ናቸው፤ እጃቸው እንዳያታልላቸው ብለው ሁለቱንም ወደ ኋላ አጣምረው ይዘዋል። ሁለት ጊዜ ጎማውን ይዛ አረፈች። ሁለተኛው ላይ ወንበሩ ትንሽ ወደ ኋላ ሲንሸራተት አንድ እርምጃ ወደ መንገዱ ወጣሁ፤ ያዘችው። ከዚያ ጥርሷን ነክሳ ከወገቧ እየዞረች፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ በእኛ ደጅ አልፋ አፋፉ ላይ ወጣች። ከላይ ፊሽካዋ ሲነፋ ተማሪዎቹ እየጮኹ ወደ እሷ ሮጡ።

መንገዱ ሁሉ ሰው ሆኖ ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እማማ ጥሩወርቅን እኛ ደጅ ላይ አስቆሟቸውና፣ ይህን ክንድ ማን ሠራላት ብለው ጠየቋቸው። እሳቸውም ቆሙ። በከተማችን በሹክሹክታ ብቻ የሚባለውን ቃል፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እንደ ማዕረግ ስም አድርገው ጮክ ብለው ተናገሩት።

«ቀጥቃጩ አያሌው ነዋ። ከልጁ ጋር።»

የአባቴ መዶሻ ቆመ። ሲነሣ አየሁት፤ እጁን በሽርጡ ጠረገና ወደ ጎን ሰበሰበው፣ እንደ ልማዱ። እማማ ጥሩወርቅ መንገዱን አቋርጠው ዳሱ ሥር ገቡ። ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። አባቴ እጄ ጥቀርሻ ነው እመቤቴ አላቸው። እሳቸው እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው ጎንበስ ብለው ሳሙት፤ አባቴም በሌላው እጁ ትከሻቸውን ይዞ ቀና አደረጋቸው። ከዚያ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መለስ አድርገው ልጃቸውን ተከትለው ዳገቱን ወጡ። የአባቴ አምስት ጣት በነጩ ነጠላ ላይ ጥቁር ሆኖ ታትሞ እስከ አፋፉ ድረስ ይታየን ነበር።